በርበሬ የገባበት ሌንስ

የኳቤና ንሶዋ ፎቶ ቤትና የእኔ ልብስ ስፌት ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ግድግዳው ጣውላ ስለሆነ እሱ ሲያስነጥስ እኔ «ይማርህ» እላለሁ፤ የእኔ የስፌት መኪና ሲንቀጠቀጥ የእሱ ፎቶዎች ከሚስማራቸው ይወርዳሉ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረናል። ኩማሲ ውስጥ፣ አሳፎ ሰፈር፣ ለሟች ሱፍ የምሰፋው እኔ ኦዱሮ ነኝ፤ ለቀስተኛውን ፎቶ የሚያነሳው እሱ ነው። ቅዳሜ ሰው ሳይቀበር ከዋለ ሁለታችንም ፊታችን ይጠቁራል። ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ የቤት ኪራይ ግን አያውቅም።

ኳቤና አሥራ አንድ ኪስ ያለው ሰደርያ ይለብሳል። አሥሩ ባዶ ናቸው። በአሥራ አንደኛው ውስጥ ቤንቱዋ አለ። ቤንቱዋ ሆዱ የደረቀ ሕፃን ከበስተኋላው በዝንጅብልና በበርበሬ ውሃ የሚታጠብበት ቀይ የጎማ ኳስ ነው። እኛ ዘንድ በቤንቱዋ ያላደገ የለም፤ ሰባ ዓመት ሞልቶትም ሲያየው ወደ ግድግዳ ጠጋ የማይል ወንድ አላየሁም። ኳቤና ግን ውሃ ያልነካው የራሱ ቤንቱዋ አለው፣ ከካሜራው ላይ አቧራ የሚነፋበት። ጫን ሲያደርገው «ፉስ» ይላል፤ አቧራው ይሄዳል።

የዛሬ ሃያ ዓመት ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሬሳው ቀድሞት እንዳይወጣ ሲጣደፍ፣ የሌንሱን የፊት መስታወት ፈትቶ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደና የሚስቱን ቤንቱዋ አነሳ። ጫነው። ዝንጅብልና በርበሬው እንዳለ ሌንሱ ሆድ ውስጥ ገባ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ጠረገው ከተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ሌንስ ያለቅሳል።

ቃሉን አስቤበት ነው የተናገርኩት፤ ያለቅሳል። ብርሃን የያዘ ነገር ሁሉ ፎቶው ላይ ሲወጣ ወደ ታች ቀጭን የብርሃን ክር ያንጠባጥባል። የሰው ዓይን ላይ ያለችው ብልጭታ ጉንጭ ለጉንጭ ወርዳ አገጭ ላይ ትደርሳለች። ሟቹን በስሙ እንኳን የማያውቅ፣ ለሾርባው የመጣ ሰው፣ በኳቤና ፎቶ ላይ እናቱ የሞተችበት ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ለለቅሶ የሚጠራው እሱ ብቻ ሆነ። ሰው ሁሉ «ጠባይ ያለው ሌንስ ነው» ይለዋል፤ ሐዘን የገባው፣ ይሉኝታ የሚያውቅ ማለታቸው ነው።

ችግሩ ሌንሱ ማን ማልቀስ እንዳለበት አለመለየቱ ነው። ጉትቻው ያለቅሳል። የሬሳ ሳጥኑ እጀታ ያለቅሳል። የለስላሳው ጠርሙስ፣ የታሰረችው ፍየል፣ የቄሱ መነጽር፣ ሁሉም ያለቅሳሉ። ሌላ ሌንስ ስላልነበረው ሠርግም የሚያነሳው በዚሁ ነበር፤ ስለዚህ ከአሳፎ እየሳቀች የተዳረች ሴት የለችም። አንዱ ባል ከሚስቱ ተጣልቶ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ የሠርጉን ፎቶ አውጥቶ «ከመጀመሪያውም አልወደደችኝም፣ ይኸው!» አለ። እሷም ፎቶውን ነጥቃ «ያንተ ደግሞ ጥርስህ ነው የሚያለቅሰው! ጥርስህን ማን መታህ?» አለችው። እስካሁን አብረው አሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት ኳቤና አዲሱን ካሜራ ገዛ፤ ውስጡ መስታወት የሌለውን። በድሮው ካሜራ ሌንሱን ስትነቅለው ውስጡ ያለው መስታወት እንደ በር ይጋርድ ነበር። አዲሱ ግን ሌንሱ ሲነቀል አፉን ከፍቶ እንደተኛ ሰው ነው፤ ዝንብም ይግባ አቧራ ዝም ብሎ ይቀበላል። አብሮት የመጣው ሌንስ ደግሞ ጥራቱ ሌላ ነው።

«ኦዱሮ፣ ይሄ የጉንዳን ቅንድብ ይቆጥራል!» አለኝ በግድግዳው በኩል።

«ጉንዳን መቼ ፎቶ ሊነሳ ይመጣል?» አልኩት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ኦፓኒን ይያዶም ሹፌር የበዛበት ወገን አለቃ ናቸው፤ በለቅሶ ላይ ፊታቸውን በነጭ መሐረብ ሸፍነው ሲንሰቀሰቁ የድንኳኑ ገመድ ይንቀጠቀጣል ይባል ነበር። አዲሱ ሌንስ ከመሐረቡ ጀርባ ያለውን አሳየ፤ የፍየል ጎድን። ሥጋው ብቻ ሳይሆን ጅማቱ፣ ጅማቱ ላይ ያለው ቲማቲም። ራሷን ስታ የወደቀችው አክስታቸው ደግሞ ማን እንደሚይዛት በአንድ ዓይኗ ስታይ ወጥታለች። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ፎቶ ቤቱ ድረስ መጥተው «ይህ ሌንስ ጠባይ የለውም» ብለው ፈረዱ። ኳቤናም ማገናኛ ቀለበት ፈልጎ የበርበሬውን ሌንስ አዲሱ ካሜራ ላይ ገጠመ። ሰላም ወረደ።

እሱ ግን ደስ አላለውም። ሥራ በሌለበት ቀን ጥርት አድርጎ በሚያነሳው ሌንስ የቲማቲም ነጋዴዋን እጅ፣ የጫማ ጠጋኙን መርፌ፣ የእኔን መላጣ ሲያነሳ ይውላል። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «ሰው ሁሉ እኩል ካለቀሰ ማንም አላለቀሰም ማለት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሲያዝን አላነሳሁም።» እኔ ደግሞ «በልተሃል?» አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ርቦት ነው።

ከዚያ ምቤያ ሞተ።

ምቤያ የኳቤና እህት የአፉዋ ዱፊዬ ባል፣ የኦፓኒን ይያዶም ወገን ነው። ሠላሳ ዓመት ከሰሜን ቲማቲም የጫነ መኪና ሲነዳ ኖሯል። በመጣ ቁጥር ከጫማው እስከ ቅንድቡ አቧራ ነው፤ አፉዋ ደጃፉ ላይ ታቆመዋለች። በግራ እጇ ኮሌታውን ትይዝና በቀኝ መዳፏ ትከሻውን ጧ ጧ ጧ እያደረገች «ይሄን መንገድ ሁሉ ቤቴ ልታስገባ ነው?» ትለዋለች። እሱም ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ለሰፈሩ «ትራፊክ ያዘችኝ! መንጃ ፈቃዴን አምጡልኝ!» እያለ ይጮኻል። አራግፋ ሳትጨርስ አንድ ቀንም ገብቶ አያውቅም።

በእኛ ልማድ የሰው ንብረት ለእናቱ ወገን ነው፤ የምቤያ ወራሽ የእህቱ ልጅ አባቢዮ ነበር። ለሚስት የሚያወርስ ሕግ አለ፤ የሕጉ ወረቀት ግን ከኦፓኒን ይያዶም ቃል ቀድሞ አሳፎ ደርሶ አያውቅም። ሚስቲቱ በወጉ ካዘነች ቤቷ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ካላዘነች «ዕቃሽን አውጪ» ትባላለች። ማዘኗ የሚታየው ደግሞ ለቅሶው ባለፈ በሳምንቱ ወገኑ ተሰብስቦ አልበሙን ሲገልጥ ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደው፤ አፉዋ አታለቅስም። እናቷ የሞተች ጊዜ እንኳን ጥርሷን ነክሳ ሦስት ቀን ድስት ስትፈትግ ነው የከረመችው። የተፈጠረችው እንደዚያ ሆና ነው።

አባቢዮ ይህን ያውቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ፎቶ ቤት መጣ፤ እኔ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

«ወንድሟ እርስዎ ነዎት» አለው። «በዚያ በሚያለቅሰው ሌንስ ካነሷት ያላለቀሰችውን ታለቅሳለች። በጥርቱ ሌንስ ያንሷት።»

«ሌሎቹንስ?»

«እሱን ሽማግሌዎቹ ይወስኑ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።»

ሽማግሌዎቹም ተሰበሰቡ። ሁለቱ ሌንሶች ነጭ ጨርቅ በለበሰ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አረቄ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ለአያቶች። ኦፓኒን ይያዶም በቀጥታ አያወሩም፣ ባለበትሩ ቃል አቀባይ ነው የሚያወራላቸው።

«ከማን ወገን እንደሆኑ ጠይቅልኝ» አሉ።

ቃል አቀባዩ ወደ በርጩማው ዞሮ እጅ ነሳ፤ «ናና» ሽማግሌ የሚከበርበት መጠሪያ ነው። «ናና፣ ከማን ወገን ናችሁ ይላሉ።» ሌንሶቹ ዝም አሉ። «ዝም ብለዋል፣ ናና።»

«አክብረውን ነው። ይቀጥል።»

ኳቤና ስለ ሁለቱም ተናገረ። የበርበሬው ሌንስ ለሁሉም እንደሚያለቅስ፣ ጥርቱ ለማንም እንደማያለቅስ፣ ቢቻል ሰው ሁሉ በአንድ ሌንስ ቢነሳ ፍትሕ እንደሆነ አስረዳ። «በጥርቱ ከሆነ ሁላችንም በጥርቱ» አለ። ኦፓኒን ይያዶም ጣሪያውን ተመለከቱ። የፍየሉ ጎድን በሁሉም ሰው ሐሳብ ውስጥ ሲያልፍ ይሰማ ነበር። ከዚያ ፍርዱ በቃል አቀባዩ አፍ ወጣ፤ ወገኑ ስለ ክብሩ ጠባይ ባለው ሌንስ ይነሳል፣ ሚስቲቱ ስለ እውነት በጥርቱ ትነሳለች።

«ሚዛናዊ ፍርድ ነው» አለ ቃል አቀባዩ ከራሱ ጨምሮ።

እኔ በንዴት ልፈነዳ ነበር። ማታውኑ ኳቤናን ያዝኩት። «አንተ ጅል፣ በበርበሬው አንሳት! ማን ያውቃል?»

«ሁሉም ያውቃል። እሷ ካለቀሰች ሳጥኑም ያለቅሳል፣ ጠርሙሱም ያለቅሳል። ያጋልጡኛል።» ቤንቱዋውን በእጁ ያገላብጥ ነበር። «ደግሞ ካሜራዬ አንድ ነው። በዚህ የሐርማታን ነፋስ ሌንስ ልቀያይር? ከሰሐራ የመጣ አቧራ ሁሉ ውስጡ ሊገባ?» ቀና ብሎ አየኝ። «አፉዋ ከዚያ ቤት ብትወጣ የት ትሄዳለች፣ ኦዱሮ?»

የምቤያን ሱፍ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ጥቁር። ክሩ አጥሮኝ ግራ ትከሻው ላይ ሦስት ስፌት ዘልያለሁ። ሟች አያማርርም ብዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ምቤያን ግቢው መሐል የክንድ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ የገዛ መኪናውን መሪ አስጨብጠው። ሹፌር እንደ ሹፌር ነው የሚሸኘው። ሐርማታኑ ፀሐይዋን እንደ ሎሚ አድርጓት ነበር። ወገኑ ጥቁርና ቀይ ለብሶ ተሰልፎ እጅ እየጨበጠ ይዞራል፤ ኳቤና በበርበሬው ሌንስ ያነሳል፤ አፉዋ ስትቀርብ ይነቅላል፣ በቤንቱዋ «ፉስ»፣ ጥርቱን ይገጥማል፤ ኦፓኒን ይያዶም በመሐል ሲገቡ እንደገና ይነቅላል። ቤንቱዋውን ባወጣ ቁጥር የመጀመሪያው መስመር ሽማግሌዎች በወንበራቸው ላይ ይቁነጠነጣሉ። አባቢዮ ከጎኑ ቆሞ «ጥርቱ ነው? ጥርቱ ነው አይደል?» ይላል። እንደዚያ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም፤ ሟቹ ብቻ ነው የተረጋጋው።

አፉዋ ፊቷ እንደ ድንጋይ ነበር። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። ሴቶቹ «ምነው፣ ምነው?» ማለት ጀመሩ። ወደ ባሏ ተጠጋች። ኳቤና የበርበሬውን ነቅሎ ጥርቱን ገና በእጁ እንደያዘ፣ ካሜራው አፉን እንደከፈተ፣ አፉዋ እጇን አንስታ ሬሳውን መታችው።

ጧ።

ግቢው በአንድ አፍ «ኡ!» አለ። ከበሮው ቆመ። እሷ ግን ደገመችው፣ ሠለሰችው። ኳቤና ሌንሱን ገጠመና አነሳት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እኅቱን የሚያጠፋበትን ማስረጃ በገዛ እጁ እንደሚያነሳ ያውቅ ነበር፤ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። እኔ ራሴ፣ እውነቱን ልናገር፣ «ሱፌን!» ነው ያልኩት።

በሳምንቱ አልበሙ ተገለጠ። ኳቤና ትልልቅ አድርጎ አትሞት ነበር። የፊተኛው ገጽ ዕንባ በዕንባ ነው፤ ኦፓኒን ይያዶም ዕንባቸው ወንዝ ሆኖ ያለቅሳሉ፣ የመዋጮው መዳብ ሰሃንም፣ የምቤያ መኪና መሪም፣ ፍየሏም። ሽማግሌዎቹ በርካታ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለቅሶ ነበር» አሉ። ከዚያ የአፉዋ ገጽ መጣ። ዓይኗ ደረቅ ነው፤ እጇ ባሏ ትከሻ ላይ።

«ሌላ ምን እንበል?» አለ አባቢዮ። «አጎቴን ሬሳውን በጥፊ መታችው። ሰፈሩ ሁሉ አይቷል።»

አፉዋ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አልበሙን ሊከድኑት ሲሉ ኦፓኒን ይያዶም እጃቸውን አነሱ።

«አጉሊ መነጽር አምጡ። ይህ ሌንስ የእኔን የሥጋ ጅማት ያሳየ ነው። ካሳየ አይቀር ሁሉን ያሳይ።»

መነጽሩ መጣ። ጎንበስ ብለው ቆዩ። «እዚህ ሱፉ ላይ ያሉት መስመሮች ምንድን ናቸው? ሰፊው የት አለ?»

ሄጄ ጎንበስ አልኩ። መጀመሪያ ያየሁት የዘለልኳቸውን ሦስት ስፌቶች ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ ያው ነው። ስፌቱ የእኔ አይደለም ማለት እችል ነበር፤ አንድ ደቂቃም አስቤበታለሁ። ከዚያ ግን ከስፌቱ አጠገብ ያለውን አየሁ። ጥቁሩ ሱፍ ላይ የሐርማታን አቧራ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ አቧራው መሐል አምስት ጣት የጠረጋቸው አምስት ንጹሕ መስመሮች አሉ። ከትከሻው በላይ አቧራው ገና በአየር ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ይቆጠራል። ግራ እጇ ኮሌታውን ይዛለች፣ እንዳይነቃነቅባት።

«ናና» አልኩ፣ ቃል አቀባዩን ረስቼ። «ትከሻው የእኔ ስፌት ነው፣ የተበላሸ ስፌት። ያልመታችው መሆኑን ግን እምላለሁ። እያራገፈችው ነው።»

ሃያ ዓመት የምቤያ ረዳት የነበረው ሽማግሌ ከኋላ ብድግ አለና ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። «ትራፊክ ያዘችኝ» አለ። ያኔ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ በር ላይ እጁን አንስቶ ይቆም የነበረውን ምቤያን ያየ ሁሉ፣ ማልቀስ ጀመረ። ኦፓኒን ይያዶምም አለቀሱ፤ መሐረብ አላነሱም፣ አፋቸው ውስጥም ምንም አልነበረም።

«አባቢዮ» አሉ ሲረጋጉ፣ በቀጥታ። «አንተ ከመንገድ ስትመጣ በር ላይ የሚያራግፍህ ማን አለህ?»

አባቢዮ መሬት መሬት አየ። «ማንም የለኝም፣ ናና።»

«እንግዲያው ቤቱን ተውላት።»

ካሜራው ግን ታመመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳቤና የሚያነሳው ፎቶ ሁሉ ላይ፣ በግራ በኩል ከፍ ብሎ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ሙሽራም ላይ፣ ፓስፖርት ላይም፣ የቄሱ ግንባር ላይም። ደንበኞቹ ያጉረመርማሉ። «ንፋት እንጂ!» እለዋለሁ። «ነገ» ይለኛል።

አንድ ቀን አፉዋ ገንፎ ይዛለት መጣች። እኔም ሽታው ጠርቶኝ ገባሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አዲስ የሠርግ ፎቶ አየችና ነጥቧን በአውራ ጣቷ ጠረገች። አልለቀቀም። በምራቋ አርሳ ደገመችው።

«ኳቤና፣ ይሄ አቧራ አይለቅም እንዴ? እንዲህ አቆሽሸህ ነው ለሰው የምትሰጠው?»

«ውስጥ ነው ያለው፣ ካሜራው ውስጥ።»

«ከየት ገባ?»

ኳቤና ወለሉን አየ። «ከምቤያ ትከሻ። አንቺ ስታራግፊው ሌንሱን ነቅዬ ነበር።»

ጣቷ ፎቶው ላይ እንዳለ ቀረ። ኳቤና ካሜራውን አነሳ፣ ሌንሱን ነቀለ፣ ከአሥራ አንደኛው ኪሱ ቤንቱዋውን አወጣ። «ከፈለግሽ አሁኑኑ ልንፋው» አላት።

አፉዋ እጁን ያዘችው። ዕንባዋ ሲወርድ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሳውቃት የመጀመሪያዬ ነበር። ካሜራው ሌንስ አልነበረውም፣ ጥርቱም የበርበሬውም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

«ተወው» አለች። «አሁንስ ከነአቧራው ይግባ።»

ኳቤና ቤንቱዋውን ወደ ኪሱ መለሰ።